15 ደቂቃ በጎጃም ለምን አይበቃም? የአንባቢዎች ጥያቄ ስለ ስፖር ሠሪ ባክቴሪያዎች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው። ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ ምግብ ሲያልቅባቸው በውስጣቸው ስፖር የሚባል ጠንካራ ፍሬ ይሠራሉ። ስፖር አይበላም፣ አይባዛም። ውሃው ተመጥጦ በወፍራም ልባስ የተጠቀለለ ስለሆነ ድርቀትን፣ አልኮልንና የፈላ ውሃን ችሎ ይቆያል፤ ሲመቸው ያቆጠቁጣል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያስቸግረውም ይኸው ትዕግሥቱ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን)፦ ኒውትሪየንት አጋር (የሚረጋ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ፣ ሚዲያ) በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ዕቃ) አድርጌ ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ እቀዳለሁ። ምንም ሳልዘራበት በሁለተኛው ቀን ደረቅ፣ የተጨማደደ፣ ነጣ ያለ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ይወጣል። ጠረጴዛውን በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ጓንት እቀያይራለሁ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ኮሎኒው ያለበትን ቦታ ይመልከቱ። ከላይ፣ በአጋሩ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ሲቀዱ ከአየር የገባ ሊሆን ይችላል። በአጋሩ ውስጥ ተቀብሮ፣ እንደ ምስር ጠፍጠፍ ብሎ ከታየ ግን አጋሩ ሳይረጋ በፊት እዚያው ነበር ማለት ነው። ቁርጡን ለማወቅ ከአንዱ ዙር አንድ ፍላስክ ክዳኑን ሳይከፍቱ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ያቆዩ። እሱም ከበቀለበት ጓንቱንና አልኮሉን ይተዉአቸው፤ ሚዲያው አልመከነም። (አልኮሉ በነገራችን ላይ ስፖር አይገድልም። 70 በመቶው ተራውን ህዋስ ይጨርሳል፣ ስፖሩን ግን እንዳለ ይተወዋል።)

ከጻፉልን ስንገምት ችግሩ ከፍታው ነው። «15 ፒኤስአይ፣ 15 ደቂቃ» የሚለው መመሪያ የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጌጁ (የግፊት ማንበቢያው) የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው፤ የእንፋሎቱን ሙቀት የሚወስነው ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ጌጅዎ 15 ሲል በውስጥ ያለው እንፋሎት 121 ሳይሆን ወደ 117 ዲግሪ ይጠጋል። ባሕር ዳር፣ በ1,800 ሜትር ላይ፣ በዚያው ንባብ 118 ዲግሪ ገደማ ይገኛል።

«4 ዲግሪ ምን ልዩነት ያመጣል?» እንዳይሉ። ሙቀት የሚችሉ ስፖሮች የሚሞቱበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው ወደ ዐሥር እጥፍ ይለዋወጣል። በዚህ ስሌት በ117 ዲግሪ የ15 ደቂቃውን ሥራ ለመሥራት 38 ደቂቃ ያህል፣ በ118 ደግሞ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል። እርስዎ የሚሰጡት ጊዜ ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም። የሚተርፉት ደግሞ ሙቀቱ ቀስቅሷቸው፣ ተወዳዳሪዎቻቸው ሞተውላቸው፣ ምግቡ ለብቻቸው ተትቶላቸው ይነሣሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። የአውቶክሌቭዎ ሰሌዳ የሚፈቅድ ከሆነ ግፊቱን ይጨምሩ፤ 121 ዲግሪ ለማግኘት ደብረ ማርቆስ ላይ 19 ፒኤስአይ፣ ባሕር ዳር ላይ 18 ፒኤስአይ ገደማ ይጠይቃል። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አይለፉ፤ የደኅንነት ቫልቩንም በምንም ነገር እንዳይጫኑት። ዕቃው ከ15 በላይ የማይሄድ ከሆነ (በተለይ የቤት ፕሬሸር ኩከር የምትጠቀሙ) ግፊቱን ትታችሁ ጊዜውን አርዝሙ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 40 ደቂቃ። ስኳር የሌለው ኒውትሪየንት አጋር ይህን ይችላል። ግሉኮስ ወይም ላክቶስ ያለበት ሚዲያ ግን ይጠቁራል፣ አሲድነቱም ይጨምራል፤ ስኳሩን ለብቻው አሟሙተው በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፈው ሚዲያው ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ይቀላቅሉት።

ጊዜ ከማርዘምዎ በፊት ግን አየሩ መውጣቱን ያረጋግጡ። ውስጥ የቀረ አየር ጌጁን ይገፋል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ግማሹ አየር ከቀረ በ15 ፒኤስአይ የሚገኘው 112 ዲግሪ ገደማ ነው። ቫልቩን ክፍት ትተው ውሃውን ያፍሉ፤ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ በኃይል መውጣት ከጀመረ በኋላ ሌላ 10 ደቂቃ ይጠብቁና ይዝጉት። ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው ጌጁ የሚፈለገው ላይ ሲደርስ ነው፤ ምድጃው ሲለኮስ አይደለም።

የፍላስኩ መጠንም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። በ500 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ቶሎ ይሞቃል። ሁለት ሊትር የሞላ ፍላስክ መካከሉ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜው ያልቃል። በትንሽ በትንሹ ይከፋፍሉት፤ ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤ ፍላስኮቹን አያጣብቋቸው። ዱቄቱንም ከማምከንዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ያሟሙት፤ ከሥር የረጋ ደረቅ ጓል ውስጥ ያለ ስፖር እርጥብ ሙቀት አይደርሰውም። የዱቄቱ መጠን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ አንዱ ለ1 ሊትር 28 ግራም ይላል፣ ሌላው 23 ግራም። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

ሙቀቱን በዓይን ማየት ከፈለጉ ደግሞ ርካሽ መንገድ አለ። ጥቂት የቤንዞይክ አሲድ ክሪስታል በትንሽ የመስታወት ቱቦ አድርገው ጫፉን በእሳት ያሽጉና ከፍላስኮቹ መካከል ያስቀምጡት። ቤንዞይክ አሲድ የሚቀልጠው በ122 ዲግሪ ነው። ቀልጦ ከረጋ ሙቀቱ እዚያ ደርሷል፤ ክሪስታሉ እንዳለ ከተገኘ አልደረሰም። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ግን አይነግርዎትም። ከ20 ፒኤስአይ ገደማ በታች ደብረ ማርቆስ ላይ እንደማይቀልጥም ይወቁ። እስከ 125 ዲግሪ የሚያነብ ከፍተኛውን ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከሁሉ ይሻላል።

ጥያቄ (ከቢቸና፣ የባዮሎጂ መምህር)፦ አውቶክሌቭ የለንም። ሚዲያውን በብረት ድስት ለአንድ ሰዓት አፍልተን እንጠቀማለን፤ ሁልጊዜ ይበላሻል። ሁለት ሰዓት ቢፈላስ?

መልስ፦ ሁለት ሰዓትም አይረዳዎትም። በእናንተ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው ከ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው፤ እሳት ቢጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው አይሞቅም። (ደጀንን አልፈው ዓባይ ድልድይ ድረስ ቢወርዱ ያው ድስት 96 ዲግሪን ያልፋል።) ስፖሩ በ92 ዲግሪ ለሰዓታት ይቆያል።

አየርላንዳዊው የሳይንስ ሰው ጆን ቲንዳል በ1870ዎቹ ያሠቃየው ይኸው ነበር፤ የድርቆሽ ውሃ ደጋግሞ ቢያፈላም ይበቅልበታል። መፍትሔውን በ1877 አገኘው፤ በአንድ ጊዜ አብዝቶ ከማፍላት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማፍላት። አሠራሩ ይህ ነው። ሚዲያውን በፍላስክ ከፋፍለው በጥጥና በፎይል ይክደኑ። የመጀመሪያውን ቀን እንፋሎት ላይ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሞቃት ቦታ ያሳድሩት። ስፖሩ ምግብ አግኝቶ ያቆጠቁጣል፤ ካቆጠቆጠ በኋላ ተራ ህዋስ ነው፣ 92 ዲግሪ ይገድለዋል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ይድገሙት።

ሰው የሚሳሳተው ማሳደሩ ላይ ነው። የቢቸና ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ፍላስኩ በቀዝቃዛ ክፍል ካደረ ስፖሩ አያቆጠቁጥም፣ የማግስቱ ማፍላትም ከንቱ ይሆናል። 40 ዋት አምፖል የገባበት ካርቶን ወይም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን ይበቃል፤ ቴርሞሜትር ያስገቡበት። ሌላው ስሕተት ዘዴውን ለንጹሕ ውሃ ወይም ለጨው ውሃ መጠቀም ነው። ምግብ በሌለበት የሚያቆጠቁጥ ስፖር ስለሌለ በዚህ መንገድ አይመክንም። ዘዴው ለትምህርት ቤት ሚዲያ ጥሩ ነው፤ ለሕክምና ዕቃ ግን በፍጹም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የወተት ጥራት ተቆጣጣሪ)፦ ፓስቸራይዝድ ወተታችን ሳይኮመጥጥ ይረጋል። ስፖር ነው አሉኝ። ጥሬው ወተት ውስጥ ስንት ስፖር እንዳለ እንዴት ልቁጠር?

መልስ፦ ሳይኮመጥጥ የሚረጋ ወተት የባሲለስ ሴሪየስ የታወቀ ምልክት ነው፤ ኢንዛይሙ አሲድ ሳይሠራ ወተቱን ያረጋዋል። በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ የሚደረገው ፓስቸራይዜሽን ስፖሩን አይነካውም፤ እንዲያውም ቀስቅሶ ያነሣዋል።

አቆጣጠሩ የሚመሠረተው ተራውን ህዋስ በሙቀት ገድሎ የቀረውን በማብቀል ላይ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ጥሬ ወተት ክዳኑ በሚጠበቅ የመከነ የሙከራ ቱቦ ይውሰዱ። ሲቀዱ የላይኛውን ግድግዳ አይንኩት፤ ከሚሞቅበት ውሃ በላይ የቀረች ጠብታ አትሞቅም፣ በውስጧ ያሉት ተራ ህዋሶች ተርፈው ቁጥርዎን ያበላሹታል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ወተት በሌላ ቱቦ አድርገው ቴርሞሜትር ይትከሉበት። ሁሉንም 80 ዲግሪ ወደሆነ የውሃ መታጠቢያ (ቱቦ የሚሞቅበት ሙቅ ውሃ የያዘ ዕቃ) ያስገቡ፤ የውሃው ከፍታ ከወተቱ ከፍታ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ቴርሞሜትሩ 80 ሲያነብ 12 ደቂቃ ይቁጠሩና ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ቀስ ብሎ እንዲበርድ ከተዉት ስፖሩ ቱቦው ውስጥ ማቆጥቆጥ ይጀምራል።

ከዚያ 1 ሚሊ ሊትሩን ሳያቀጥኑ፣ ሌላውን 1 ለ10 እና 1 ለ100 አቅጥነው እያንዳንዱን በሁለት ሁለት ዲሽ ያድርጉ፤ ወደ 45 ዲግሪ የበረደ ፕሌት ካውንት አጋር ጨምረው ያዋሕዱ። አጋሩ ላይ 0.1 በመቶ የሚሟሟ ስታርች ቢያክሉበት ይመረጣል፤ ማቆጥቆጥን የሚገቱትን የሰባ አሲዶች ይይዝልዎታል። በ32 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ያቆዩ። ከ25 እስከ 250 ኮሎኒ ያለበትን ዲሽ ይቁጠሩ። ለምሳሌ በ1 ለ10 ሁለቱ ዲሾች 84 እና 92 ቢያወጡ አማካዩ 88 ነው፤ በ10 ሲባዛ በ1 ሚሊ ሊትር 880 ስፖር ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚያበሳጨው አንዱ ኮሎኒ ዲሹን ሙሉ መሸፈኑ ነው። ባሲለስ እርጥብ ገጽ ካገኘ ይንሸራተታል። አጋሩ ከረጋ በኋላ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ያው አጋር በላዩ ቀጭን አድርገው ቢያፈሱ ይገታል። ዲሾቹንም ገልብጠው ያስቀምጡ። ወተቱን በማቀዝቀዣ የሚያበላሹትን ለይተው ማወቅ ከፈለጉ አንድ ሌላ ስብስብ በ7 ዲግሪ ለ10 ቀን ያቆዩ፤ ለእርስዎ ችግር ከመደበኛው ቁጥር ይልቅ ይኼኛው ይናገራል።

ከ80 ዲግሪ አልፈው «በጣም ሙቀት የሚችሉትን» በ100 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሚለይ ዘዴም በመጻሕፍት ያገኛሉ። ባሕር ዳር ላይ ክፍት የውሃ መታጠቢያ ከ94 ዲግሪ አያልፍም። በዚያ ያደረጉትን «100 ዲግሪ» ብለው ሪፖርት ላይ አይጻፉ፤ ወይ የዘይት መታጠቢያ ይጠቀሙ፣ ወይ ያነበቡትን ሙቀት ይመዝግቡ።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ወደ በረቱ ይሂዱ። ስፖሩ የሚመጣው ከአፈር፣ ከእበትና ከድርቆሽ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጡት ላይ ሲደርቅ ይብሳል። ጡቱን አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ሳያደርቁ ማለብ ቆሻሻውን ወደ ማለቢያው ማንጠባጠብ ነው፤ ከማጠቡ ይልቅ ማድረቁ ነው የሚዘነጋው። ዕቃን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ስፖርን ግን በጢስ ብቻ ገደልኩ ማለት አይቻልም። ቧንቧና ታንክ ላይ የተጋገረውን የወተት ቅሪት መጀመሪያ በሙቅ አልካላይ ሳሙና ያስወግዱ፤ ስፖሩ የሚሸሸገው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ መምህርት)፦ ስፖርን በማላካይት ግሪን (አረንጓዴ ማቅለሚያ) ስናቀልም ሁሉም ነገር ቀይ ሆኖ ይታያል። አረንጓዴ ስፖር አላየንም።

መልስ፦ ወይ ባክቴሪያው ገና ወጣት ነው፣ ወይ ሙቀቱ አንሷል። የ24 ሰዓት ዘር ምግብ ስላለው ስፖር አይሠራም። ባሲለስ ሰብቲሊስን ኒውትሪየንት አጋር ላይ ዘርታችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን ተዉት።

በስላይድ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ፣ በመርፌ ጫፍ የምትነሣ ትንሽ ኮሎኒ፤ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በአየር ማድረቅ፣ ሦስት ጊዜ በነበልባል ላይ ማሳለፍ። ከዚያ በስላይዱ ልክ የተቆረጠ የማጣሪያ ወረቀት አልብሶ 5 በመቶ ማላካይት ግሪን ማፍሰስና በሚፈላ ውሃ ቢከር አፍ ላይ ማስቀመጥ። መጽሐፉ 5 ደቂቃ ይላል፤ የእኛ እንፋሎት ስለሚቀዘቅዝ 10 ደቂቃ አድርጉት። ቀለሙ እንዳይደርቅ እየጨመራችሁ ጠብቁ፤ የደረቀ ማላካይት ግሪን ክሪስታል ሆኖ ስፖር ይመስላል። ስላይዱ ሳይበርድ ውሃ ካረፈበት ይሰነጠቃል። በውሃ ለ30 ሰከንድ አጥባችሁ 0.5 በመቶ ሳፍራኒን (ቀይ ማቅለሚያ) ለ1 ደቂቃ፣ እንደገና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በዘይት 100 እጥፍ ሌንስ ማየት። ስፖሩ አረንጓዴ፣ ህዋሱ ቀይ ይሆናል። ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ ቅቡ ወፍሯል ወይም ማጠቡ አንሷል። ማላካይት ግሪን መርዛማ ስለሆነ ጓንት አይቅር፣ ተማሪዎቹም ወደ ማጠቢያ ገንዳ አይድፉት።

ጥያቄ (ከዳንግላ፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ)፦ የአውቶክሌቭ መፈተሻ የስፖር አምፖል (ስፖር የያዘ የታሸገ ትንሽ ብልቃጥ) ሁልጊዜ «አልበቀለም» ይለናል። ይህ መልካም ዜና ነው?

መልስ፦ አምፖሉን የት እንዳቆዩት ሳናውቅ መልካም ዜና ነው አንልም። በውስጡ ያለው ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የሚያድገው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ነው። በ37 ዲግሪው ኢንኩቤተር ውስጥ ካስቀመጡት ሞተም ኖረም አይበቅልም፤ አውቶክሌቩ ተበላሽቶም ቢሆን «አልፏል» ይላችኋል። በእያንዳንዱ ፈተና ከዚያው ካርቶን አንድ ያልመከነ አምፖል አብራችሁ አቆዩ። እሱ ቀለሙን ካልቀየረ ውጤቱ በሙሉ ይጣላል። ጥቁር መስመር የሚያወጣው ቴፕም ዕቃው እንፋሎት እንዳገኘው ብቻ እንጂ እንደመከነ አይመሰክርም።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ በሰፈራችን አንዲት ላም በድንገት ሞተች፤ ከአፍንጫዋ ጥቁር ደም ይፈሳል። ባሲለስ እየተማርን ስለሆነ ደሟን ወስጄ አጋር ላይ ላበቅል አስቤያለሁ። ምን ሚዲያ ልጠቀም?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን አታድርግ። ሚዲያም አንነግርህም። የገለጽከው የአባ ሰንጋ ምልክት ነው፤ ድንገተኛ ሞት፣ ቶሎ የሚነፋ ሆድ፣ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ የሚወጣ የማይረጋ ደም። በሽታውን የሚያመጣው ባሲለስ አንትራሲስ ስፖር ሠሪ ነው፤ ምርመራውም የሚሠራው ለዚህ በተዘጋጀ፣ የደኅንነት ደረጃ ባለው ላቦራቶሪ በሠለጠነ ሰው ነው።

ሬሳው እንዳይከፈት ለጎረቤቱ ሁሉ ንገር። ባክቴሪያው ስፖር ለመሥራት አየር ያስፈልገዋል፤ ባልተከፈተ ሬሳ ውስጥ ያለው በብስባሽ በጥቂት ቀን ይሞታል። ከተከፈተ ግን ደሙ የነካው አፈር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተበክሎ ይኖራል፤ በኋላ የሚግጡት ከብቶች ይይዛቸዋል። ቆዳውን መግፈፍ፣ ሥጋውን «በደንብ ብናበስለው» ብሎ መከፋፈል፣ ውሻ እንዲበላው መተው፣ ሦስቱም ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ውሻና ጅብ እንዳይደርሱበት ከርቀት ጠብቁና ዛሬውኑ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ አወጋገዱን እሱ ይምራ። የቀሩትን ከብቶች ክትባትም አብራችሁ ጠይቁ።

ሬሳውን ወይም ደሙን የነካ ሰው እጁን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያሳክክ፣ ከዚያም የማያምምና መካከሉ የሚጠቁር ቁስል ከወጣበት አንድ ቀን እንኳ አይቆይ፤ ለሐኪሙም የሞተ ከብት መንካቱን ይንገረው። በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ለልምምድ የሚሆንህን ባሲለስ ሰብቲሊስ ከመምህርህ ጠይቅ። ያንኑ ስፖር፣ ያንኑ አረንጓዴ ቀለም ታይበታለህ። ሥራ ስትጨርስ ዲሾቹን ሳትከፍት አውቶክሌቭ አድርግ፤ በሞጣ ከፍታ ከ40 ደቂቃ አታሳንስ። ጠረጴዛውን መጀመሪያ በሳሙና አጥበህ ዕለቱን በቀጠነ በረኪና፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ አርጥበው። ትናንት የቀጠነው ኃይሉን ስለሚያጣ ድፋውና አዲስ አዘጋጅ።